የሽንኩርቱ ዋጋ በየትኛው ስልክ ይግባ? የክፍያ ድርጅቶች ለተፎካካሪ በር ሲከፍቱ

አዳማ፦ በመስኖ ያለማውን ሽንኩርት መቂ ላይ በማሳው ዳር የሚያስረክብ አንድ አርሶ አደር በምሳሌነት ይወሰድ። ነጋዴው ከአዳማ መጥቷል፤ ምርቱ ተመዝኗል፤ በዋጋውም ስምምነት ተደርሷል። ነጋዴው ብዙ ጥሬ ብር ይዞ መንገድ መውጣት ስለማይፈልግ ክፍያውን በስልኩ ሊልክ ተዘጋጅቷል። ይሁንና የነጋዴው ገንዘብ የተቀመጠው በአንድ ድርጅት ሥርዓት ውስጥ ሲሆን፣ አርሶ አደሩ የተመዘገበው ደግሞ በሌላ ድርጅት ሥርዓት ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች የሚነጋገሩ ከሆነ ክፍያው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠናቀቃል። የማይነጋገሩ ከሆነ ግን የመኪናው ሹፌር ቆሞ ይጠብቃል፤ ጫኝና አውራጁ የድካሙን ዋጋ ይጠይቃል፤ ከሁለቱ አንዱም ጥሬ ብር ለማውጣት ወደ ከተማ መመለስ ግድ ይሆንበታል። ሽንኩርት ለጥቂት ሰዓታት መቆየትን ይችላል። ምርቱ ቲማቲም ከሆነ ግን ጸሐይ ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

ከዚህ የማሳ ዳር ችግር በስተጀርባ የሶፍትዌር ኩባንያዎች በመላው ዓለም የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ። አንድ ድርጅት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የገነባውን ሥርዓት ለተፎካካሪው ደንበኞች ለምን ይከፍታል? ጥያቄው ለኩባንያ ኃላፊዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በሩ ሲዘጋ ወጪውን የሚሸከመው በመጨረሻ ተጠቃሚው ነው፤ ከተጠቃሚዎች መካከልም ሁለት ስልክና ሁለት ሲም ካርድ መያዝ የማይችለው ነው።

ከ07 ወደ 09

በኢትዮጵያ የዚህ ጥያቄ ቀላሉ ምሳሌ ተራው የስልክ ጥሪ ነው። የአገሪቱ የቴሌኮም አገልግሎት ከመቶ ዓመት በላይ በመንግሥት ይዞታ ሥር ብቻ ከቆየ በኋላ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቃድ ወስዶ ወደ ገበያው ገባ። አገልግሎቱን በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ጀምሮ ከተማ በከተማ እያሰፋ መጣ። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ሲከፍት አዳማ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ ከዋና ከተማዋ ቀድመው ከደረሳቸው ከተሞች መካከል ነበሩ።

በዚያን ጊዜ በ07 የሚጀምር ቁጥር የገዛ የአዳማ ነዋሪ በ09 የሚጀምር ቁጥር ወዳላቸው ዘመዶቹ መደወል ባይችል ኖሮ፣ አዲሱን ሲም ካርድ የሚገዛበት ምክንያት አይኖረውም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ድርጅቶች ገና ከመነሻው የመረብ ትስስርና የመሠረተ ልማት መጋራት ስምምነት ተፈራረሙ። ኢትዮ ቴሌኮም ማማዎቹን ለተፎካካሪው ያከራያል፤ ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው ለሚሻገረው ጥሪም ሒሳብ ይተሳሰባሉ። በዚህ መሠረት የተፎካካሪው መምጣት ለነባሩ ድርጅት ደንበኛ የሚሻማ ባላንጣ ብቻ ሳይሆን ኪራይ የሚከፍል ተከራይም አስገኝቶለታል።

ነገሩ ለገበያተኛ እንግዳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሽንኩርትና የቲማቲም ጅምላ ነጋዴዎች መጋዘናቸውን የሚከፍቱት ከሌሎች ርቀው ሳይሆን ጎን ለጎን ነው። አርሶ አደሩ ጭነቱን ይዞ የሚመጣው ብዙ ገዢ ወዳለበት ሰፈር መሆኑን ያውቃሉና። ብቻውን ርቆ የቆመ ነጋዴ ተፎካካሪ ባይኖርበትም ሻጭም አይመጣለትም።

የባንኮቹ ትምህርት

ወደ ገንዘብ ሲመጣ ግን በሩ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። የኤቲኤም ማሽኖች በከተሞች መታየት በጀመሩባቸው ዓመታት የአንዱ ባንክ ካርድ የሚሠራው በዚያው ባንክ ማሽን ላይ ብቻ ነበር። ካርድ የያዘ ሰው የሌላ ባንክ ማሽን ፊቱ ቆሞ እያለ የራሱን ባንክ ፍለጋ መዞሩን ብዙዎች ያስታውሳሉ። እያንዳንዱ ባንክ ደግሞ በየከተማው የራሱን ማሽን ለመትከል፣ የራሱን ሶፍትዌር ለመግዛትና የራሱን ባለሙያ ለማሠልጠን ይገደድ ነበር።

ይህን ልማድ ከሰበሩት መካከል ሦስት የግል ባንኮች ይጠቀሳሉ። አዋሽ፣ ንብና ሕብረት ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስ የተባለ የጋራ ኩባንያ መሠረቱ። በአንድ ገበያ የሚፎካከሩ ባንኮች የካርድ ክፍያ ሥርዓታቸውን በጋራ መያዛቸው በወቅቱ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በኋላም የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክን ጨምሮ ሌሎች ባንኮች ተቀላቀሏቸው።

ሁሉንም ባንኮች የሚያገናኘው ኢትስዊች የተባለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 በባንኮቹና በብሔራዊ ባንክ ባለቤትነት ተቋቁሞ በ2016 ሥራ ጀመረ። ከዚያን ጊዜ አንስቶ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ላይ ገንዘብ ማውጣት ቻለ።

የአሠራሩ ሥርዓት በአጭሩ ይህን ይመስላል። ላኪው በስልኩ ወይም በካርዱ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ የራሱ ባንክ በቂ ገንዘብ መኖሩን አረጋግጦ መልእክቱን ወደ ማዕከሉ ይልካል። ማዕከሉ መልእክቱን ወደ ተቀባዩ ባንክ ያስተላልፋል፤ ተቀባዩ ባንክም ሒሳቡ መኖሩንና የባለቤቱን ስም መልሶ ያሳውቃል። ላኪው ስሙን አይቶ ሲያረጋግጥ ገንዘቡ ከአንዱ መዝገብ ተቀንሶ በሌላው ላይ ይጨመራል። በዚህ ሁሉ መካከል ከባንክ ወደ ባንክ በመኪና የሚጓዝ ጥሬ ብር የለም። ባንኮቹ እርስ በርስ የሚፈላለጉት የተጣራ ልዩነት ተሰልቶ በብሔራዊ ባንክ ባላቸው ሒሳብ ይወራረዳል። ማዕከሉ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ሁሉም ባንኮች መልእክታቸውን በአንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲጽፉ ነው። በሙያው ቋንቋ ተናባቢነት የሚባለውም ይኸው የጋራ ቅርጽ ነው።

ቴሌብርና ኤምፔሳ

የሞባይል ገንዘብ ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ የመጣ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ የአገልግሎቱ ተመዝጋቢዎች ቁጥር ከ47 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ለውጭ ባለሀብቶች በሩን የከፈተው ደግሞ የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ማሻሻያ ሲሆን፣ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በ150 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ኤምፔሳን ጀመረ። በዚሁ ዓመት የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲሆን መወሰኑ ከዚያ በፊት ስልኩን ለመደወል ብቻ ይጠቀምበት የነበረውን ሹፌር ሁሉ ወደ ክፍያ ሥርዓቱ አስገብቶታል።

ከእነዚህ ዓመታት ክስተቶች መካከል ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ብዙም ያልተወራለት አንድ ስምምነት ነው። ዳሸን ባንክ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሞሌ የተባለ የራሱ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ነበረው። በሌላ አነጋገር ቴሌብር ሲመጣ ተፎካካሪው ነበር። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር አነስተኛ ብድርና ቁጠባ ሲጀምር፣ ገንዘቡን በማቅረብ አብሮት የሠራው ይኸው ዳሸን ባንክ ነው። ባንኩ በራሱ ቅርንጫፎች ሊደርስባቸው የማይችሉ ሚሊዮኖች ደንበኞች አሉ፤ ቴሌኮሙ ደግሞ ለማበደር የባንክ ፈቃድና ገንዘብ ያስፈልገዋል። አንዱ ሌላውን ሊተካ አልቻለም፤ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ መስኮት ተገናኙ።

ይህ ሲባል ሁሉም በር ተከፍቷል ማለት አይደለም። ትልቁ ድርጅት ለምን እንደሚያመነታ መረዳትም ተገቢ ነው። ብዙ ደንበኛ ያለው ድርጅት፣ ደንበኛው ሳይወጣበት ከተፎካካሪው ጋር መገበያየት የሚችል ከሆነ ሰው ወደ እርሱ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይቀንሳል። ወኪሎችን የመለመለው፣ ያሠለጠነውና የማስታወቂያ ወጪ ያወጣው እርሱ ሆኖ ሳለ ዘግይቶ የመጣው በተዘጋጀ መንገድ ላይ ይሄዳል የሚለው ቅሬታም መሠረት የሌለው አይደለም።

የጎረቤት አገሮች ልምድ ግን ፍርሃቱ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ያመለክታል። ኤምፔሳ በኬንያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ነው። ለዓመታት የኤምፔሳ ወኪል የሆነ ሱቅ የሌላ ድርጅትን አገልግሎት መስጠት አይፈቀድለትም ነበር። ተፎካካሪው ኤርቴል አቤቱታ አቅርቦ የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን ጉዳዩን ከያዘው በኋላ፣ በ2014 ይህ ክልከላ ተነሣ። በ2018 ደግሞ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው በቀጥታ ገንዘብ መላክ ተጀመረ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ኤምፔሳ በኬንያ ገበያ ያለው የበላይነት አልተናጋም። ደንበኛው በዚያ የቆየው በሩ ስለተዘጋበት ሳይሆን አገልግሎቱን ስለለመደው ነበር ማለት ነው።

ታንዛኒያ ሌላ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤርቴል፣ ቲጎና ዛንቴል የተባሉት ድርጅቶች እርስ በርስ ተደራድረው ደንበኞቻቸው ገንዘብ እንዲላላኩ ተስማሙ። የገበያው ትልቁ ድርሻ የነበረው ቮዳኮም ዳር ቆሞ ሲመለከት ቆይቶ በ2016 ተቀላቀለ። ትንንሾቹ ተባብረው በር ሲከፍቱ ትልቁ ውጭ መቅረት እንደማያዋጣው አይቷል ብሎ መናገር ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በኬንያ በሩን ይዞ የቆየውና በኢትዮጵያ ዘግይቶ የገባው ድርጅት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ተመሳሳዩ ስም በአንዱ አገር የነባርን፣ በሌላው አገር የአዲስ ገቢን ሚና ይጫወታል። ስለዚህ ክፍትነት የአንድ ኩባንያ ጠባይ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ ኩባንያው በገበያው ውስጥ በቆመበት ቦታ ይወሰናል። ሕግና ተቆጣጣሪ አካል የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንደ ሽንኩርት ዘር

ለተፎካካሪ በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ተጠቃሚው ራሱ ሥርዓቱን እንዲያሻሽልና በላዩ ላይ እንዲገነባ መፍቀድ ደግሞ ከዚያ የሚሻገር ነው። ይህን ለማስረዳት ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ማዕከሉ ካወጣቸው የሽንኩርት ዝርያዎች መካከል አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ በስምጥ ሸለቆ አርሶ አደሮች ዘንድ በሰፊው የታወቁ ናቸው። የእነዚህ ዝርያዎች ዘር በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ሊባዛ ይችላል። በዘር ብዜት የተሰማሩ አርሶ አደሮች ያመረቱትን ለጎረቤት ይሸጣሉ፤ የትኛው ማሳ ላይ ጥሩ እንደሆነ፣ የትኛው በሽታ እንዳጠቃው ይነጋገራሉ። ከውጭ የሚገባ ዲቃላ ዘር ግን ምርቱ ከፍ ሊል ቢችልም ከምርቱ ዘር ወስዶ መልሶ መዝራት አያዋጣም፤ ሁለተኛው ትውልድ የመጀመሪያውን ባሕርይ አይዝምና። አርሶ አደሩ በየወቅቱ ወደ ሻጩ መመለስ አለበት።

የሶፍትዌር ዓለምም በዚህ ዓይነት ለሁለት ይከፈላል። ዝግ ሶፍትዌር እንደ ዲቃላ ዘር ነው፤ ይሠራል፣ አንዳንዴም የተሻለ ይሠራል፣ ነገር ግን ውስጡ አይታይም፤ ባለቤቱ ዋጋ ቢጨምር ወይም ሥራውን ቢያቆም ተጠቃሚው ምርጫ የለውም። ክፍት ምንጭ የሚባለው ደግሞ የተጻፈበት ኮድ ለማንም የሚታይ፣ ማንም ወስዶ ለራሱ ሁኔታ ሊያስተካክለው የሚችል ነው።

ይህ ከኢትዮጵያ ርቆ ያለ ጉዳይ አይደለም። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው በሕንድ አገር ባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውና በብዙ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች የሚያሻሽሉት ክፍት ሶፍትዌር ነው። በክፍያው መስክም እ.ኤ.አ. በ2017 ሞጃሉፕ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ይፋ ሆኗል። ዓላማውም ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ልዩ ልዩ ድርጅቶችን ማገናኘት ነው። የስሙ መነሻ ሞጃ በስዋሂሊ «አንድ» ማለት ነው።

ኮዳቸውን ሙሉ በሙሉ ያልከፈቱ ድርጅቶችም ቢሆኑ ለሌሎች ሠሪዎች መግቢያ እያዘጋጁ ነው። ሳፋሪኮም በኬንያ ለሶፍትዌር ሠሪዎች ያዘጋጀው መግቢያ ዳራጃ ይባላል፤ ትርጉሙ ድልድይ ነው። የቴሌብር ሱፐርአፕም የሌሎች ተቋማትን አገልግሎት በውስጡ ያስተናግዳል። በእንዲህ ዓይነት መግቢያ በኩል አንድ ወጣት ፕሮግራመር ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሆን የሒሳብ መያዣ ሠርቶ ክፍያውን ከሞባይል ገንዘብ ጋር ማገናኘት ይችላል። የመስኖ ማኅበር የውሃ ክፍያ፣ የወተት አቅራቢ የሳምንት ሒሳብ፣ የትራንስፖርት ማኅበር መዋጮ ለትልቅ ኩባንያ ትንሽ ነገሮች ናቸው። እነርሱን የሚሠራላቸው በቅርብ ሆኖ የሚያውቃቸው ሰው ነው። ድርጅቱ ብቻውን አስቦ የማይደርስበት ሥራ በተጠቃሚዎቹ እጅ ይሠራል።

ነገር ግን ክፍትነት ልቅነት አይደለም። የዘሩ ምሳሌ እዚህም ያገለግላል። ሽንኩርት በነፍሳት አማካይነት የሚዳቀል ሰብል በመሆኑ፣ ሁለት ዝርያዎች ለዘር ተቀራርበው ከተተከሉ ይደባለቃሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ማሳው ላይ የሚገኘው የትኛውም አይሆንም። ስለዚህ ዘር አባዢዎች ርቀት ይጠብቃሉ፣ ከዝርያው የወጣውን ተክል ይነቅላሉ። በክፍት ሥርዓትም ማን እንደሚገባ የሚመረምር፣ የጋራውን ቅርጽ የሚጠብቅና ስሕተት ሲገኝ የሚያርም አካል ከሌለ በተከፈተው በር አጭበርባሪም ይገባል።

በማሳው ዳር

በአሁኑ ወቅት በአዳማም ሆነ በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንድ ሱቅ በር ላይ የሁለትና የሦስት ድርጅቶችን ምልክት ማየት አዲስ አይደለም። ባለሱቁ የማንም ወገን አይደለም፤ ደንበኛው በመጣበት ያስተናግዳል። ከሞባይል ገንዘብ ወደ ባንክ ሒሳብ፣ ከባንክም ወደ ሞባይል የሚደረገው ዝውውር እየተለመደ ነው። ሆኖም ገንዘብ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲሻገር የሚጠየቀው ክፍያ በዚያው ሥርዓት ውስጥ ከሚደረገው ሊለይ ይችላል። በምርት ሽያጭ ላይ ይህን ወጪ ገዢው ይሸፍነው ወይስ ሻጩ የሚለው ዋጋ ከመቆረጡ በፊት መነጋገር የሚገባው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሚዛኑ ከተነሣ በኋላ ነው የሚነሣው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አርሶ አደሩ የመደራደር አቅሙ አንሷል።

ስማርት ስልክ የሌለው አርሶ አደርም ከሥርዓቱ ውጭ አይደለም። በተራ ስልክ *127# በመደወል ቴሌብርን ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። ከዚህ በተረፈ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ነው፤ ላኪው በስልኩ ላይ የሚታየውን የተቀባይ ስም ጮክ ብሎ ቢያነብና ተቀባዩ ቢያረጋግጥ፣ በአንድ የተሳሳተ አኃዝ ምክንያት ብሩ ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። ሁለተኛው ከተላከ በኋላ ነው። ገንዘብ ተልኳል የሚል ጽሑፍ በገዢው ስልክ ላይ ማየት በቂ አይደለም። ሻጩ በራሱ ስልክ የደረሰውን መልእክትና ቀሪ ሒሳቡን ማየት አለበት፤ የሐሰት መልእክት ማዘጋጀት ከባድ አይደለምና። የምሥጢር ቁጥርን በስልክ የሚጠይቅ ሰው፣ ከየትኛውም ድርጅት ነኝ ቢል፣ ሊሰጠው አይገባም።

ገንዘቡ ከላኪው ተቀንሶ ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ የሚዘገይበት አጋጣሚም አለ። መልእክቱ በሁለት ድርጅቶችና በአንድ ማገናኛ መካከል ስለሚያልፍ፣ መዘግየቱ ከየት እንደሆነ ለማሳው ዳር ተገበያዮች አይታይም። በዚህ ጊዜ አቤቱታውን ቀድሞ ማቅረብ ያለበት ላኪው ሲሆን፣ የሚያቀርበውም ገንዘቡ ለወጣበት ለራሱ ድርጅት ነው። ሲያቀርብም የግብይቱን መለያ ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የብሩን መጠን መያዝ ይኖርበታል። እነዚህ ሁሉ በደረሰው አጭር መልእክት ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ብዙ ሰው የስልኩን ማኅደር ለማቅለል መልእክቶቹን ይሰርዛል፤ የምርት ሽያጭ መልእክት ግን ቢያንስ ሒሳቡ እስኪዘጋ ድረስ መቆየት አለበት።